ሬስተን ቤት ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ርቀቱን በእናታችሁ እግር ለኩት

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ስለ አንድ ቦታ የሚጠይቁ ናቸው፤ ከዋሽንግተን ዲሲ በስተምዕራብ 20 ማይል ያህል ርቃ በሰሜን ቨርጂኒያ ስለምትገኘው ስለ ሬስተን። እኔም 11 ዓመት የኖርሁባት፣ ልጆቼን ያሳደግሁባት ቦታ በመሆኗ ሦስቱንም በአንድ ላይ ለመመለስ ወስኛለሁ። የመጀመሪያው መልስ ከወትሮው ረዘም ይላል፤ ጥያቄው የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ነውና አንባብያን በትዕግሥት እንዲያነቡት እለምናለሁ።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር አሌክሳንድሪያ ውስጥ በኪራይ አፓርታማ እንኖራለን። ልጆቻችን 12 እና 7 ዓመታቸው ነው። እኔ ዲሲ ፋራገት አካባቢ በሚገኝ ሆቴል፣ ባለቤቴ ደግሞ ደለስ ኤርፖርት ይሠራል። ባለፈው ዓመት እናቴን ከአዲስ አበባ አምጥተናታል። ለዘጠኝ ዓመት ያጠራቀምነው ገንዘብ ለዳውን ፔይመንት (ለቅድሚያ ክፍያ) ስለደረሰልን ሬስተን ውስጥ ሁለት ታውን ሃውስ፣ ማለትም ከጎረቤት ጋር በግድግዳ የተያያዘ ባለ ፎቅ ቤት፣ አይተናል። አንደኛው ባለ አራት መኝታና ሰፊ ሆኖ ከሱቅም ከአውቶቡስም ራቅ ያለ ነው፤ ሁለተኛው ባለ ሦስት መኝታና ጠበብ ያለ ሲሆን ለገበያ ማዕከሉ ቅርብ ነው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ወዳጆቻችን ግን «የሀብታም ሰፈር ገብታችሁ ዕድሜ ልካችሁን ለማኅበር ስትከፍሉ ልትኖሩ ነው፤ ከአበሻም ትርቃላችሁ» እያሉ ያስፈራሩናል። እናቴ አሁን አንድ ፎቅ ወርዳ ከጎረቤታችን ጋር ቡና ትጠጣለች። እዚያ ወስጄ ከአራት ግድግዳ ጋር እንዳላፋጥጣት እሰጋለሁ። የምንከፍለው ገንዘብ ምን ያስገኝልናል? የትኛውን ቤት እንምረጥ?

ሁለት ልብ የሆነች ልጅ፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ

ውድ እኅታችን፣ ጠበብ ያለውን ይምረጡ። እንዲህ አስረግጬ የምናገረው፣ ሬስተን ውስጥ ሰው ገንዘቡን የሚያፈስበት ዋናው ነገር ግድግዳውና ጣሪያው ሳይሆን ከበሩ ወጥቶ በእግሩ የሚደርስበት ነገር መሆኑን ኖሬበት ስላየሁ ነው። ሰፊውን ቤት ገዝተው ለሁሉም ነገር መኪና የሚያስነሡ ከሆነ፣ ለእግረኛ መንገዱም ለሐይቁም ለመዋኛውም እኩል እየከፈሉ የሚጠቀምበት ግን ሌላ ሰው ይሆናል። መኪና የማይነዱት እናትዎ ደግሞ በሰፊው ቤት ውስጥ እርስዎ የፈሩት ነገር ይደርስባቸዋል።

ነገሩን ለመረዳት ቦታው እንዴት እንደተፈጠረ ማወቅ ይጠቅማል። ሬስተን እንደ ሌሎቹ የዲሲ ዳርቻ ሰፈሮች ቤት በቤት ላይ እየተጨመረ ያደገች አይደለችም። ሮበርት ሳይመን የተባለ ሰው ቤተሰቡ ኒው ዮርክ ውስጥ የነበረውን ካርኔጊ ሆል የተባለውን ዝነኛ አዳራሽ ከሸጠ በኋላ በ1961 ወደ 6,750 ኤከር የሚጠጋ መሬት ገዛ፤ በ1964 ደግሞ ከስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ስሟን ያወጣላትን ሬስተንን ቆረቆረ። ሐሳቡ ሰው በሚኖርበት አካባቢ እንዲሠራና እንዲዝናና፣ ከወጣትነቱ እስከ እርጅናው ሰፈሩን ሳይለቅ ከአፓርታማ ወደ ታውን ሃውስ፣ ከዚያም ወደ አነስተኛ ቤት እየተዛወረ እንዲኖር ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ እኛን የሚመለከተን አንድ ነገር አለ። በዚያ ዘመን በቨርጂኒያ ጥቁር ሰው እንደ ልቡ ቤት የሚገዛበት ሰፈር ጥቂት በነበረበት ጊዜ፣ ሬስተን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ለማንኛውም ዘር ክፍት ሆና ተመሠረተች። ወዳጆችዎ «የሀብታም ሰፈር» ሲሉ ዋጋውን አይተው ከሆነ አልተሳሳቱም፤ የእኛን ዓይነት ሰው የማይቀበል ሰፈር ማለታቸው ከሆነ ግን ታሪኩ በተቃራኒው ነው።

የሳይመን ሐሳብ ዛሬ በዓይን የሚታየው በእግረኛ መንገዶቹ ላይ ነው። 55 ማይል ያህል የሚሆን የእግረኛና የብስክሌት መንገድ በዛፎች ውስጥ እየተጠማዘዘ ሰፈሮቹን ከትምህርት ቤት፣ ከሱቅና ከሐይቅ ጋር ያገናኛል። ትልቅ የመኪና መንገድ ሲያጋጥመው በብዙ ቦታ ከመንገዱ ሥር በዋሻ ያልፋል። ልጄ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ከእኛ ቤት ትምህርት ቤቷ ድረስ አንድም አስፋልት ሳታቋርጥ ትሄድ ነበር፤ ዋሻው ውስጥ ስትገባ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስሜን ትጠራና የገደል ማሚቶው ሲመልስላት እየሳቀች በሌላኛው አፍ ትወጣ ነበር። እኔ ከላይ ቆሜ የመኪናውን ጎርፍ እያየሁ እሷ ከሥሩ በሰላም ስታልፍ ሳይ የተሰማኝን ዕረፍት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

አሁን ወደ እናትዎ ልመለስ፤ ከጥያቄዎ ሁሉ ከባዱ ይህ ነውና። ሬስተን ሲነደፍ እያንዳንዱ ሰፈር የየራሱ የገበያ ማዕከል እንዲኖረው ታስቦ ነበር። ሌክ አን፣ ሃንተርስ ዉድስ፣ ሳውዝ ሌክስ፣ ኖርዝ ፖይንትና ቶል ኦክስ የተባሉት እነዚሁ ናቸው። እዚህ ላይ ግን ስም ብቻ ሰምተው እንዳይታለሉ አደራ እላለሁ። ቶል ኦክስ ሱፐርማርኬቱ ከተዘጋበት በኋላ ሱቆቹ ፈርሰው መኖሪያ ቤት ተሠርቶበታል፤ ስለዚህ በካርታ ላይ ስሙን አይቶ ገበያ አለ ብሎ ቤት የሚገዛ ሰው ይጸጸታል። ሌክ አን ከሁሉም ያምራል፤ በውኃው ዳር በሸክላ ጡብ የተነጠፈ አደባባይ አለው፣ ዙሪያውን ካፌዎችና ትናንሽ ሱቆች ከብበውታል፣ ከሱቆቹ በላይ ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን ትልቅ ሱፐርማርኬት የለውም። የሳምንት አስቤዛቸውን በእግር ተመላልሰው ለመሸመት የሚፈልጉ ከሆነ ሳውዝ ሌክስ ወይም ኖርዝ ፖይንት ይሻላል። ነፋስ መቀበልና ሰው ማየት ለሚወዱ አረጋዊት ግን ሌክ አንን የሚተካ አላየሁም።

አማቴ አዲስ አበባ፣ ጉለሌ የኖሩ ሴት ነበሩ። ከእኛ ጋር በቆዩባቸው ሁለት ዓመታት ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ሌክ አን ይወርዱና በአደባባዩ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ወንበሩ ላይ ሰው ሁሉ አጠገቡ እየተቀመጠ ፎቶ የሚነሣበት የሳይመን የነሐስ ምስል አለ። እርሳቸው መጀመሪያ ቀን ሰው መስሏቸው እጅ ነሥተው አልፈዋል፤ ሐውልት መሆኑን ከነገርናቸው በኋላም ሰላምታውን አላቋረጡም። እንግሊዝኛ አይችሉም ነበር፤ ሆኖም በሦስተኛው ወር ውሻ የሚያናፍሱ አንዲት ኮሪያዊት አረጋዊት ወዳጃቸው ሆነው፣ ሁለቱም በየቋንቋቸው ሲጨዋወቱ እናገኛቸው ነበር። ከሚያዝያ እስከ ኅዳር ቅዳሜ ጠዋት እዚያው የገበሬዎች ገበያ ይቆማል፤ አማቴ ቃሪያና ጎመን እየነካኩ መርጠው ሲገዙ ፊታቸው ላይ የማየውን ደስታ ሱፐርማርኬት ውስጥ አይቼው አላውቅም።

ታዲያ ሁሉም መልካም ነው ማለቴ አይደለም። የእግረኛ መንገዶቹ አብዛኞቹ መብራት የላቸውም፤ ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በክረምት ከሥራ ሲወጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ከሆቴል ማታ አምሽተው የሚመለሱ ከሆነ በዚያ መንገድ ብቻዎን መሄድ የለብዎትም፤ ባለቤትዎ ጣቢያ መጥተው ይቀበሉዎት ወይም አውቶቡስ ይያዙ። በበረዶ ጊዜም ሁሉም መንገድ አይጠረግም። ሌላው ደረጃ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተሠሩት ታውን ሃውሶች ባብዛኛው ሦስት እርከን ሲሆኑ መኝታው ላይ፣ ማብሰያው መካከል፣ ምድር ቤቱ ታች ነው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ መኪና ከሚቆምበት ቦታ እስከ በር የውጭ ደረጃ አላቸው። የጉልበት ሕመም ላለባቸው እናት ይህ የዕለት ተዕለት ፈተና ስለሚሆን፣ ከታች ወይም በመግቢያው እርከን መታጠቢያ ያለው አንድ ክፍል መኖሩን ሳያረጋግጡ አይፈርሙ። በዚያ ዘመን የተሠራ ቤት ከሆነ መርማሪው የኤሌክትሪክ ሽቦውን፣ የእንጨት ግድግዳውንና የውኃ መውረጃውን ጊዜ ወስዶ እንዲያይ ይክፈሉት።

ምክሬ ይህ ነው፤ ቤት አሻሻጩ በሌለበት፣ በሥራ ቀን ረፋድ ላይ፣ እናትዎን ይዘው ከቤቱ በር ተነሥተው እስከ ገበያ ማዕከሉ በእርሳቸው እርምጃ ይሂዱ። ስንት ጊዜ እንዳረፉ፣ የሚያርፉበት ወንበር መኖሩን፣ ዳገቱን በመልሱ እንዴት እንደቻሉት ይመልከቱ። ደርሰው የሚቀመጡበት፣ ሽንት ቤት የሚገቡበት፣ ሻይ የሚጠጡበት ቦታ ካገኙ ያ ቤት ይሆናችኋል።

ስለ ክፍያው ወዳጆችዎ ያሉት ከፊሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ክፍያው አንድ ሳይሆን ሦስት ዓይነት መሆኑን የሚነግር ሰው ጥቂት ነው። አንደኛው ለሬስተን አሶሲዬሽን የሚገባው ዓመታዊ መዋጮ ሲሆን አሁን ከ800 ዶላር በላይ ደርሷል። ሐይቆቹን፣ ዛፎቹን፣ መንገዶቹን፣ የሜዳ ቴኒስ መጫወቻዎቹንና መዋኛዎቹን የሚያስተዳድረው ይህ ማኅበር ነው። መዋጮው ለሁሉም ቤት አንድ ነው፤ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ያለውም ሐይቅ ዳር ቪላ ያለውም እኩል ይከፍላሉ። አነስተኛ ገቢ ላላቸው ይህ አይመቸኝም፤ ሥርዓቱ ግን ይኸው ነው። የመዋኛ ፓስ ደግሞ ከመዋጮው ውጭ ለብቻው በአባል ዋጋ ይገዛል። ሁለተኛው ታውን ሃውሱ ለሚገኝበት ክላስተር፣ ማለትም ለቅርብ ሰፈርዎ ማኅበር የሚከፈለው ነው። ይህ ከክላስተር ክላስተር በእጅጉ ይለያያል፤ የመኪና ማቆሚያውን አስፋልት፣ የበረዶ ጠረጋውንና የቆሻሻ ማንሣቱን የሚሸፍነው እርሱ ነው። ሦስተኛው በግብሩ ውስጥ ተደብቆ የሚመጣው ነው፤ ለሬስተን ኮሚዩኒቲ ሴንተር ተብሎ ከ100 ዶላር የቤት ግምት ላይ 4.7 ሳንቲም ይከፈላል። ቤትዎ 600,000 ዶላር ቢገመት በዓመት 282 ዶላር መሆኑ ነው። ዋናው የፌርፋክስ ካውንቲ የቤት ግብር ደግሞ በቅርብ ዓመታት ተመን ከ100 ዶላር 1 ዶላር ከ12 ሳንቲም ገደማ ስለሆነ በዚያው ግምት ወደ 6,700 ዶላር ይጠጋል። መኪናዎችዎም የየዓመት ግብር አለባቸው። ሞርጌጁን (የቤት ብድሩን) ብቻ አስልተው የገቡ ቤተሰቦች በሁለተኛው ዓመት ሲጨነቁ አይቻለሁና፣ እነዚህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ አስፍረው ለ12 አካፍለው ይመልከቱት።

በቨርጂኒያ ሕግ ሻጩ የማኅበሩን ሰነድ ለገዢው መስጠት ግዴታው ነው። በዚያ ውስጥ ክላስተሩ ምን ያህል መጠባበቂያ ገንዘብ እንዳለው ይታያል። መጠባበቂያው ባዶ ከሆነ አስፋልቱ ሲፈራርስ «ልዩ መዋጮ» ተብሎ በአንድ ጊዜ ብዙ ሺህ ዶላር ሊጠየቅ ይችላል። ሰነዱ ደርሶዎት ካልወደዱት ውሉን ማፍረስ የሚችሉበት በቀናት የሚቆጠር አጭር ጊዜ ስላለ፣ ፖስታውን የተቀበሉበት ማታ ያንብቡት።

የሥራ መንገዱ ለባለቤትዎ ትልቅ ዕረፍት ነው። በሜትሮ ባቡር ከዊሊ ሬስተን ኢስት ጣቢያ ደለስ ኤርፖርት አራተኛው ጣቢያ ነው፤ ሲልቨር ላይን የተባለው ይኸው መስመር በ2014 እስከ ሬስተን ብቻ ይደርስ የነበረ ሲሆን ወደ ኤርፖርቱ የተዘረጋው በኅዳር 2022 ነው። ለእርስዎ ግን ከአሌክሳንድሪያ ይልቅ ይረዝምብዎታል። ባቡሩ ሳይቀየር ፋራገት ዌስት ድረስ ቢወስድዎትም ከ40 ደቂቃ በላይ ይቆያሉ፤ በሥራ ቀን የሜትሮ ከፍተኛው ክፍያ በአንድ ጉዞ 6 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነው። በመኪና ልሂድ ካሉ በደለስ ቶል ሮድ ላይ ዋናው መክፈያ 4 ዶላር፣ መግቢያና መውጫው ደግሞ 2 ዶላር ሲሆን፣ ጠዋት ወደ ዲሲ ሲገቡ በሃይዌይ 66 ላይ እንደ መጨናነቁ ከፍ ዝቅ የሚል ሌላ ክፍያ ይጠብቅዎታል። አንዳንድ ሆቴሎች የሜትሮ ወጪ የሚደጉሙበት አሠራር ስላላቸው አለቃዎን ይጠይቁ። በሌሊት ፈረቃ የሚገቡ ከሆነ ባቡሩ የሚነሣበትን ሰዓት አስቀድመው ያረጋግጡ፤ በባቡሩ ላይ ብቻ የተመሠረተ ውሳኔ ብዙ ሰው ሲቆጨው ሰምቻለሁ።

ስለ ትምህርት ቤት ብዙ አልልም፤ የፌርፋክስ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች መልካም ስም ያላቸው ናቸው፤ ለወላጆች በአማርኛ የተዘጋጀ መረጃና አስተርጓሚ ማግኘትም ይቻላል። የ12 ዓመቱ ልጅዎ ላንግስተን ሂዩዝ መለስተኛ ደረጃ ቢደርሰው ቀጥሎ የሚገባበት ሳውዝ ሌክስ ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የተባለውን ዓለም አቀፍ የትምህርት ፕሮግራም የሚሰጥ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ነገር ግን ትምህርት ቤት የሚመደበው በአድራሻ ስለሆነና ወሰኑም ስለሚከለስ የሻጩን ቃል ሳይሆን የካውንቲውን የአድራሻ መፈለጊያ ይመኑ።

ከአበሻ መራቁን በተመለከተ ወዳጆችዎ እውነት አላቸው። አሌክሳንድሪያም ሆነ ቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢ እንደለመዱት ከፎቅ ወርዶ እንጀራ መግዛት ሬስተን ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም። እኛ ቅዳሜ አንድ ቀን ወርደን የሁለት ሳምንት እንጀራ፣ ሽሮና ቅቤ ጭነን እንመለስ ነበር። ቅዳሴውም ቢሆን ሌሊት ስለሚጀምር ያለ መኪና አይደረስበትም። እናትዎን የምመክረው የእሑዱ ቀን እንዳይጓደልባቸው ከአሁኑ ደብር ሳይለቁ እንዲቀጥሉ፣ የጽዋ ማኅበራቸውንም ተራ ሲደርሳቸው አዲሱ ቤት እንዲያደርጉት ነው። ያቺ የታችኛው ፎቅ ጎረቤትዎ ደግሞ በወር አንድ ጊዜ በሜትሮ መጥታ አድራ ብትሄድ ለእናትዎ ከማንኛውም መዋኛ ይበልጥባቸዋል።

ጥያቄ

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ሬስተን ውስጥ ታውን ሃውስ ከገዛሁ ዘጠኝ ወሬ ነው። በሩን ደማቅ አረንጓዴ ቀባሁት፤ የአገር ቤት ቴሌቪዥን ለማየት ዲሽ ከኋላ በኩል ተከልሁ፤ ጓሮዬን የሚያጨልም አንድ ዛፍም ልቆርጥ ነበር። ባለፈው ሳምንት ከማኅበር «የውጭ ለውጥ ያለ ፈቃድ አድርገዋል» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ገንዘቤ ይህን ሊከለክሉኝ ይችላሉ?

የተቆጣ አባወራ፣ ከሬስተን

መልስ

ወንድማችን፣ ቁጣዎ ይገባኛል። ሆኖም ሁለቱን ሊከለክሉዎት ይችላሉ፤ አንዱን ግን አይችሉም።

ቤቱን ሲገዙ ከፈረሙት የወረቀት ክምር ውስጥ ከመሬቱ ጋር የተያያዘ የውል ግዴታ አለ። ሬስተን ውስጥ በሬስተን አሶሲዬሽን ሥር ያለ ቤት የውጭ ገጽታው፣ ቀለሙም አጥሩም ጣሪያውም፣ ከመለወጡ በፊት የንድፍ ገምጋሚ ቦርድ ዘንድ መጽደቅ አለበት። ክላስተርዎም የራሱ የተፈቀዱ ቀለማት ዝርዝር ይኖረዋል። ስለዚህ በሩን በተመለከተ የመጀመሪያው ነገር ያን ዝርዝር አስመጥቶ ማየት ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ጠቆር ያለ አረንጓዴ አይጠፋበትም። ካለ ማመልከቻ ሞልተው ያስጸድቁ፤ ከሌለ መልሶ መቀባት ከክርክሩ ይረክሳል። ዛፉንማ እንኳን አልቆረጡት። ያለ ፈቃድ የወደቀ ዛፍ በቀለም አይመለስምና፣ ነገሩ ከበሩ ይልቅ የከፋ ይሆን ነበር። ጨለማው ካስቸገረዎት ቅርንጫፍ ማስተካከል ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቀው ያስመርምሩት።

ዲሹ ግን ሌላ ነገር ነው። ከ1996 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደንብ መሠረት፣ ስፋቱ ከ1 ሜትር የማይበልጥ ዲሽ ሰው በብቸኝነት በሚጠቀምበት ይዞታው ላይ እንዳይተክል የሚከለክል የማኅበር ደንብ አይጸናም። እርስዎ በጓሮዎ ወይም በራስዎ ጣሪያ ላይ ተክለውት ከሆነ ደንቡ ይጠብቅዎታል። በጋራ መሬት ወይም በጋራ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ከሆነ ግን አይጠብቅዎትም። ለደብዳቤው ሲመልሱ ይህን በትሕትና፣ ነገር ግን በግልጽ ይጻፉ፤ የዲሹን ልክና የተተከለበትን ቦታ የሚያሳይ ፎቶ ያያይዙ።

መልስ ሳይሰጡ ግን ቀኑን አያሳልፉ። የቨርጂኒያ ሕግ ማኅበር ቅጣት ከመጣሉ በፊት ባለቤቱን አስቀድሞ አሳውቆ ቃሉን እንዲሰማው ያዝዛል፤ ቅጣቱም ለአንድ ጊዜ ጥፋት ከ50 ዶላር፣ ለሚቀጥል ጥፋት በቀን ከ10 ዶላር ሊበልጥ አይችልም፤ የዕለቱም ቅጣት ከ90 ቀን በላይ አይቆጠርም። ከዚህ የሚብሰው ቤቱን በሚሸጡበት ቀን የሚመጣው ነው፤ ያልተፈታ ጥሰት ለገዢው በሚሰጠው ሰነድ ላይ ስለሚወጣ ሽያጩን ያስተጓጉላል። እኔ የማኅበሩን ደንብ በሁሉም ነገር አልወደውም፤ ነገር ግን ከቤቴ ጀርባ የነበረው ደን 11 ዓመት ሙሉ ሳይነካ የቆየው በዚያው ደንብ እንደሆነም አልክድም። ለስብሰባ ሲጠሩዎት ይሂዱ። ከቻሉም በሚቀጥለው ምርጫ ለክላስተርዎ ቦርድ ይወዳደሩ፤ መቀመጫው ብዙ ጊዜ ተወዳዳሪ አጥቶ ባዶ ይቀራል፤ የቀለም ዝርዝሩን የሚወስኑትም እዚያ የተቀመጡት ጥቂት ጎረቤቶች ናቸው።

ጥያቄ

ሬስተን ታውን ሴንተር አጠገብ ባለ ሕንፃ አንድ ክፍል ልከራይ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ፤ መኪና የለኝም። ያለ መኪና መኖር ይቻላል? ወደፊት ቤት ለመግዛትስ እንደኔ ላለ ሰው ተስፋ አለው? ሰገነቱ ላይ በከሰል ቡና ማፍላትስ ይፈቀዳል?

አዲስ ገቢ ነርስ

መልስ

እኅታችን፣ እንኳን ደስ ያለሽ። በዚያ ቦታ ያለ መኪና መኖር ይቻላል። የሬስተን ታውን ሴንተር ባቡር ጣቢያ በእግር ይደረሳል፤ ፌርፋክስ ኮኔክተር የተባለው የካውንቲው አውቶቡስ ከዚያው ተነሥቶ ሰፈሮቹን ያዳርሳል። ደብሊው ኦ ዲ የተባለው የ45 ማይል የብስክሌት መንገድም በአጠገብሽ ያልፋል፤ ባቡር ይሄድበት የነበረ ሐዲድ ተነሥቶ የተሠራ ስለሆነ ዳገት አይበዛበትም። የሌሊት ፈረቃ ካለብሽ ግን የአውቶቡሱን የመጨረሻ ሰዓት ሳታዪ ኪራዩን አትፈርሚ። በታውን ሴንተር ዙሪያ ያሉ ብዙ ሕንፃዎች በሬስተን አሶሲዬሽን ሥር ስላልሆኑ፣ በአባል ዋጋ መዋኛ እገባለሁ ብለሽ ከመቁጠርሽ በፊት ሕንፃሽ የሚገኝበትን ሁኔታ ጠይቂ።

ስለ ቤት ግዢው ተስፋ አለ። ፌርፋክስ ካውንቲ ከ1990 ጀምሮ አዲስ ሰፈር የሚሠሩ አልሚዎች ከቤቶቹ የተወሰነውን መካከለኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ከገበያ በታች እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ደንብ አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዙ ሰዎች በገቢያቸው ተመዝነው በካውንቲው ፕሮግራም ይመዘገባሉ፤ የቤት ገዢዎች ትምህርት መውሰድም ግዴታ ነው። ቤቱን ስትሸጪ ዋጋው ለዓመታት የተገደበ ስለሚሆን ትልቅ ትርፍ አይገኝበትም፤ በሥራሽ አካባቢ መኖሪያ ማግኘት ከሆነ ዓላማሽ ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ትምህርቱን ዘንድሮውኑ ጀምሪው።

ከሰሉን በተመለከተ መልሱ አይፈቀድም ነው። በብዙ ቤተሰብ ሕንፃ ሰገነት ላይ ከሰል ማንደድን የእሳት አደጋ ደንቡ ይከለክላል፤ ከሰሉን ወደ ውስጥ ማስገባት ደግሞ በጭሱ መርዝ ሰው ይገድላል፤ በዚህ ላይ ነርስ ለሆንሽው መምከር አይገባኝም። ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍዪው። ዕጣኑን ስታጨሺ መስኮቱን ከፍተሽ የምድጃውን ማራገቢያ አብሪው፤ እንዳይጮህብሽ ብለሽ ግን የጭስ ጠቋሚውን በጨርቅ አትሸፍኚው። ቡናውን ከመቁላትሽ በፊት ደግሞ ለጎረቤትሽ በር አንኳኩተሽ ንገሪያት፤ ሽታው በኮሪደሩ ሲወጣ ምን እንደሆነ ታውቃለች፣ ስኒ ይዛ ትመጣ ይሆናል።